ከዕድር ድንኳን ሥር የታየ ቴአትር፦ የአንድ የማኅበረሰብ ቴአትር አዘጋጅ አገልግሎት ሲመዘን

ባለፈው ጥር ወር መጨረሻ በዕድራችን የሒሳብ መዝገብ ላይ ከወትሮው የተለየ አንድ መስመር ተጨመረ። ከድንኳን ማደሻ፣ ከወንበር መግዣና ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ከሚሰጠው ገንዘብ ቀጥሎ «ለማኅበረሰብ ቴአትር አዘጋጅ የተከፈለ፣ 90 ሺህ ብር» የሚል ጽሑፍ ሰፈረ። የዕድሩ ጸሐፊ እንደ መሆኔ ውሉን የጻፍሁት፣ ልምምዱን ከዳር ሆኜ የተከታተልሁት፣ በኋላም ከኦዲተራችን ጋር የተከራከርሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የሌሎች ዕድሮች ኃላፊዎችና የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴዎች «ሰውየው እንዴት ናቸው? ገንዘቡስ ያወጣል?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጡን መረጥሁ። የማመሰግንበትም የምነቅፍበትም ነገር ስላለኝ የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም።

መንደራችን በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። ነዋሪው ከፊሉ ዕጣ ደርሶት፣ ከፊሉ ደግሞ ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ አካባቢ በመልሶ ማልማት ተነሥቶ የመጣ ነው። በቀድሞ ሰፈሩ በርበሬ የሚወቀጥበትን ሰዓት፣ በግ የሚታረድበትን ጥግና የልብስ ማስጫውን ተራ ማንም ሳይጽፍለት ያውቅ የነበረ ሰው፣ እዚህ ግን ስማቸውን ከማያውቃቸው ቤተሰቦች ጋር አንድ ደረጃ እየተጋራ መኖር ጀመረ። ለዚህ ሁሉ ተብሎ የተሠራው፣ ነዋሪው ኮሚናል የሚለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ቢኖርም፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ስለ ነበር በተፈለገበት ሰዓት አይገኝም ነበር። ኮሚቴያችን ከዚህ የተነሣውን የጎረቤት ጭቅጭቅ ለማብረድ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በደብዳቤና በጠቅላላ ጉባኤ ሞክሮት ሰልችቶት ነበር። ቴአትር ይሠራ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ሲሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት በጉባኤው ከሳቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ 210 አባላት በነፍስ ወከፍ 300 ብር አዋጥተው 63 ሺህ ብር የተገኘ ሲሆን፣ ቀሪው 27 ሺህ ብር ከዕድሩ መጠባበቂያ ተጨምሯል። በውሉ መሠረት አዘጋጁ ለስድስት ሳምንት አምስት ልምድ ያላቸው ተዋንያንን ይዘው ይሠራሉ፣ ከነዋሪው መካከል ፈቃደኞችን መርጠው ያሠለጥናሉ፣ አንድ ሙሉ ትርኢት ያቀርባሉ፣ ከትርኢቱም በኋላ ውይይት ይመራሉ። አርባ በመቶው በቅድሚያ፣ ቀሪው ትርኢቱ ካለቀ በኋላ የሚከፈል ነበር። ስሌቱን ላደረገ ሰው ገንዘቡ ለስድስት ሰው የስድስት ሳምንት ድካም ብዙ አይደለም፤ ለዕድር ግን ብዙ ነው።

አዘጋጁ ለድርድር በመጡ ዕለት ይዘውት የመጡት ክላሰር ከማንኛውም የሥራ ልምድ ማስረጃ የበለጠ ስለሚናገር፣ ስለ እርሱ ትንሽ መቆየት ተገቢ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተነሣ ሲሆን፣ የካኪ ሸሚዝ የለበሱ ዐሥራ አምስት ያህል ልጆች በቀበሌ አዳራሽ መድረክ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው እንደሚያውቀው እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው፤ ዘፈኑም ድራማውም መንግሥት የሚፈልገውን ይናገር እንጂ፣ መድረክ ምን እንደ ሆነ ብዙ የከተማ ልጅ ያወቀው በዚያ በኩል ነው። እርሳቸውም በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወቅት፣ ማንበብ የተማሩ እናቶችና አባቶች የምስክር ወረቀት በሚቀበሉበት በዓል ላይ ማንበብ የማይችል ነጋዴ ሆነው መተወናቸውን አጫወቱን። ክላሰሩን የሚያገላብጡት በጥንቃቄና በዝግታ ነበር።

ቀጥሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ዲግሪ፣ ከዚያም ከመንግሥት ቴአትር ቤቶች በአንዱ በረዳት አዘጋጅነት ያገለገሉባቸው ስምንት ዓመታት ይመጣሉ። በእነዚያ ዓመታት የቅዳሜና እሑድ ቀናቸውን በትርኢት፣ የሌላውን ሳምንት ሌሊት ደግሞ በሠርግ ቤት መድረክ መሪነት እንዳሳለፉና የቤት ኪራያቸውን የከፈሉት በሁለተኛው እንደ ነበር ሳይደብቁ ነገሩን። ቴአትር ቤቱን የተዉት ጡረታ ለማግኘት የሚጠየቀውን የአገልግሎት ዘመን ሳይሞሉ ነው። ቢታገሡ ኖሮ ዛሬ የወር አበል ይኖራቸው እንደ ነበር ከኮሚቴያችን አንዱ አባል ሲያነሡባቸው፣ «ባለቤቴም ይህንኑ ትለኛለች» ብለው ገጹን ገለጡ።

የክላሰሩ ወፍራሙ ክፍል የ1990ዎቹ ነው። በዚያ ዐሥር ዓመት ኤችአይቪ ኤድስን ለመከላከል በየትምህርት ቤቱ ክበብ ይቋቋም፣ በየገበያው ድራማ ይታይ ስለ ነበር፣ እንደ እርሳቸው ላለ ሰው ሥራ ሞልቶ ተርፎ ነበር። አይሱዙ መኪና ጭነት ላይ ቆመው በገበያ ቀን ያሳዩበት፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ ያሳዩበት፣ በአንድ ቀን አራት ቦታ ያሳዩበት ፎቶግራፍ አለ። ገንዘቡን የሚሰጠው ድርጅት ግን ጽሑፈ ተውኔቱን አስቀድሞ እያየ መልእክቶቹን በቁጥር ይቆጥር እንደ ነበር፣ አንድ ጊዜም «ሦስት መልእክት ጎድሏል» ተብለው ክፍያቸው እንደ ተያዘባቸው በምሬት ተናገሩ። ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ የዚያ ዘመን ልማድ በእኛም ድንኳን ውስጥ ብቅ ብሏልና ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን የሚሠሩበት መንገድ ፎረም ቴአትር የሚባለው ነው። ተውኔቱ አንድ ችግር ይዞ ይጀምራል፣ ሳይፈታውም ያልቃል፤ ከዚያም ከመጀመሪያው እንደገና ሲታይ ከተመልካቹ መካከል ማንም ሰው «ቁም!» ብሎ መድረክ ላይ በመውጣት ተዋናዩን ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ይህን አሠራር ያዳበረው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በእ.ኤ.አ. 1971 ታስሮ ከአገሩ ከተሰደደ በኋላ፣ በ1973 በፔሩ በጎልማሶች መሠረተ ትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ሲሠራ ነው። አገሩ ተመልሶም በ1992 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲመረጥ፣ በየሰፈሩ ከሚታዩት ትርኢቶች የተነሡ ሐሳቦችን ለምክር ቤቱ እያቀረበ 13 ያህል ሕጎች አስወጥቷል። የእኛ አዘጋጅ በመሠረተ ትምህርት በዓል ላይ ትወና መጀመራቸውና የአሠራሩም መነሻ ሌላ የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም መሆኑ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም፣ እርሳቸው ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ይፈካል። ቴአትርና ማኅበር ምን አገናኛቸው ለሚሉት የኮሚቴ አባላት ደግሞ ሌላ መልስ ነበራቸው፤ በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የተመሠረተው የዛሬው የሀገር ፍቅር ቴአትር መጀመሪያ ላይ ስሙም ግብሩም ማኅበር እንደ ነበር አስታወሷቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለኮሚቴያችን ከባድ ነበሩ። አዘጋጁ ልምምድ የሚባል ነገር ሳይጀምሩ ጠዋት መጥተው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከጥበቃዎቹ ጋር ያወጋሉ፣ የጠራቸው ቤት ገብተው እስከ ሦስተኛው በረካ ድረስ ቡና ይጠጣሉ። «ሰውየው የተቀጠሩት ቡና ሊጠጡ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ግን ታሪኩን ሲነግሩን ዝም አልን። በአራተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት ገና ሳይነጋ በርበሬ ትወቅጣለች፤ ከሥሯ የምትኖረው ነርስ ደግሞ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ልትተኛ የምትገባው በዚያው ሰዓት ነው። የፋሲካ ዋዜማ የኮሚናሉ ቁልፍ ያዥ ዘመድ ጥየቃ ስለ ሄደ በግ ደረጃው ላይ ይታረዳል፣ ደሙም ወደ ታች ይወርዳል። ከእነዚህ ነገሮች አንዱም የተፈጠረ አልነበረም፤ ሆኖም የማንም ቤት ተለይቶ እንዳይታወቅ ፎቁም፣ ሙያውም፣ ጾታውም ተለዋውጦ ነበር። ይህ ጥንቃቄ ለእኔ የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋ ነው፤ ያለ እርሱ ገንዘብ ከፍለን አዲስ ጠብ በገዛን ነበር።

ልምምዱ የተካሄደው እዚያው ኮሚናል ውስጥ ስለ ነበር፣ እንጀራ ለመጋገር የመጡ እናቶች በምጣዱ ጭስ መካከል ሲያዩት ከረሙ። ለመተወን ፈቃደኛ ከሆኑት ሰባት ነዋሪዎች መካከል አንድ የሰፈሩ ጥበቃ፣ ሁለት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችና ባለ ሱቁ ይገኙበታል። አዘጋጁ ለመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት አልሰጧቸውም፤ ታሪኩን በቃላቸው ነግረው በራሳቸው አነጋገር እንዲሠሩት ካደረጉ በኋላ፣ የወጣውን ቃለ ተውኔት ማታ ማታ እየጻፉ አመጡት። በርበሬ ወቃጯን የምትተውነው ባለሙያ ነርሷን፣ ነርሷም ወቃጯን ሆነው እየተለዋወጡ እንዲሠሩ ማድረጋቸው መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። ድምፁ ለማይሰማው ወጣት ደጋግመው ይሉት የነበረው «ለእኔ አትንገረኝ፤ ከኋላ አግዳሚ ላይ ለተቀመጡት እማማ ንገራቸው» የሚለው ቃል አሁን በልጆቹ ዘንድ መቀለጃ ሆኗል። ቁጣቸው ግን ይከብዳል። አንዷ ተማሪ በአምስተኛው ሳምንት አልቅሳ ልትተው ስትል የመለሷት እናቷ ናቸው እንጂ እርሳቸው አልነበሩም፤ ዕድሜዋ ለጋ ለሆነ ልጅ የሙያተኛ ተዋናይ ልክ መጠየቃቸው ተገቢ ነበር አልልም።

ያላሰብነው ክርክር የተነሣው ስለ ድንኳኑ ነው። ትርኢቱ የሚታይበት አዳራሽ ስለሌለን የዕድሩን ድንኳን ለመጠቀም ስንወስን፣ ሁለት ሽማግሌዎች «የለቅሶ ድንኳን ሥር ሳቅ አይሆንም» ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። በኮሚቴ ደረጃ ድምፅ እንስጥበት ሲባል አዘጋጁ እንዳናደርገው ለምነው፣ ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ቤት ሄዱ። ምን እንዳሏቸው በሙሉ ባላውቅም፣ በኋላ ከአንደኛው ሽማግሌ እንደ ሰማሁት የቆየውን የአልቃሽ ሙያ አንሥተው ተወያይተዋል፤ የሟችን ታሪክ በግጥም እየደረደረች ሐዘንተኛውን የምታስለቅሰው አልቃሽ፣ በመሐል ቀልድ ጣል አድርጋ ታስቅም እንደ ነበር ሽማግሌው ራሳቸው አስታውሰው ኖሯል። ስምምነቱ ድንኳኑ ሦስቱ ጎኖቹ ተገልጠው እንዲተከልና በዚያ ሳምንት ሐዘን የገጠመው ቤት ካለ ትርኢቱ እንዲተላለፍ ሆነ። የአርባ ዓመት ልምድ የሚታየው መድረክ ላይ ብቻ አለመሆኑን ያየሁት በዚህ ጉዳይ ነው።

ትርኢቱ ለእሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ተጠርቶ የተጀመረው 9 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ሕዝቡ ከጠበቅነው በላይ በመምጣቱ ወንበር ያጣው በየበረንዳው ተሰቅሎ ያይ ነበር። ዐርባ ደቂቃ የፈጀው ተውኔት ሲያልቅ አዘጋጁ ራሳቸው አወያይ ሆነው ወጡና ከመጀመሪያው አስጀመሩት። መጀመሪያ «ቁም!» ያለው ወጣት ነርሷን ተክቶ ወጣና ወቃጯ ላይ ጮኸባት፤ እርሷም በእጥፍ ጮኸችበት። አዘጋጁ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ተፈታ?» ሲሉ «አልተፈታም!» የሚል ሳቅ የበዛበት መልስ መጣ። ሁለተኛው ሰው ደንብ ቁጥር ጠቅሶ ተናገረ፤ እርሱም አልፈታውም። ሦስተኛ የወጡት በስብሰባ ላይ አንድም ቀን ቃል ሲተነፍሱ ሰምተናቸው የማናውቅ አንዲት እናት ናቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃ ተብሎ በተሠራው ሳንቃ ላይ ቁጭ አሉና ወቃጯን «ልጄ፣ ይህ ሁሉ በርበሬ ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ተዋናይቷ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አልነበራትም፤ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ለሽያጭ ነው፣ እማማ፤ ቀን ቀን ሰው ቤት እሠራለሁ» አለች። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ የነበረው ክርክር ስለ ጫጫታ ሳይሆን፣ ኮሚናሉ ማታ ለምን እንደሚዘጋና ቁልፉ ለምን በአንድ ሰው እጅ እንደሚቀመጥ ሆነ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ። የአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃው መዘግየት የድምፅ ማጉያ ጣጣ ነው። ነፋስ በሚነፍስበት በተገለጠ ድንኳን ሥር ያለ ማጉያ እንደማይሠራ አዘጋጁ ከማንም በላይ ሊያውቁ ሲገባቸው፣ ኪራዩ በውሉ ውስጥ እንዳልተካተተ የነገሩን በዋዜማው ነበር፤ 6 ሺህ ብር ተጨማሪ ከፍለን፣ ዕቃው ዘግይቶ መጥቶ፣ ሲከፈትም እየጮኸ አስቸገረ። ሁለተኛው ጉዳይ ደረሰኝ ነው። አዘጋጁ በግላቸው የሚሠሩ በመሆናቸው ሕጋዊ ደረሰኝ ማቅረብ ስላልቻሉ፣ በፊርማና በመታወቂያ ቅጂ የተዘጋጀ የክፍያ ሰነድ ብቻ ያዝን። ኦዲተራችን ይህን እስከ ዛሬ አልተዉትም፤ እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ። ሌላ ዕድር ውል ከመፈረሙ በፊት ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ከብዙ ክርክር ይድናል።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ናቸው። እማማ ጠይቀው፣ ሕዝቡ ተከራክሮ፣ ነገሩ በራሱ እየበሰለ ሳለ አንድ ባለሙያ ተዋናይ መድረኩ መሐል ቆሞ ስለ መቻቻል፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ጉርብትና የተጠና ንግግር አደረገ። ሰው ወንበሩን ማንሣት የጀመረው ያኔ ነው። ቀሪውን ክፍያ በፈጸምንበት ዕለት ይህን ሳነሣባቸው አልተከላከሉም። «መልእክቱን በግልጽ ካልተናገርክ ገንዘብ የለም ሲሉኝ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ፤ እጄ ለምዶታል» አሉኝ። መልሱን ባከብረውም ለገዢ የሚሰጠው ትርፍ የለም፤ ስለዚህ ከእርሳቸው ጋር የሚዋዋል ሁሉ የማጠቃለያ ንግግር እንዳይኖር በውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲያሰፍር አጥብቄ እመክራለሁ። እኛ በሚቀጥለው እናደርገዋለን።

ከትርኢቱ በኋላ ምን ተለወጠ ለሚለው፣ የኮሚናሉ ቁልፍ በሦስት ተባዝቶ ለሦስት ብሎኮች ተሰጥቷል፣ የመውቀጫ ሰዓትም በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ ተለጥፏል። በትርኢቱ ላይ ተቃቅፈው የታዩት ሁለት ጎረቤታሞች ግን በሳምንቱ በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው፣ ነገራቸው ዛሬም በሽማግሌ እጅ ነው። በአንድ ቀን ትርኢት ሰፈር ይታረቃል ብሎ ለሚያስብ ኮሚቴ ይህ አገልግሎት አይሆነውም። ለበዓል ማድመቂያ አጭር ድራማ ብቻ ለሚፈልግም ቢሆን ከዚህ በግማሽ ዋጋ የሚሠሩ ወጣት ቡድኖች ስላሉ እነርሱ ይበልጥ ይስማሙታል። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መነጋገር ላቃታቸው፣ ስድስት ሳምንት ለመታገሥ ለሚችልና ያልጠበቀው ጥያቄ ቢነሣ ለማይደነግጥ ማኅበር ግን እኒህን አዘጋጅ ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። ከተቻለም በምስል የሚቀርጽ ሰው አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ እኛ ከዚያ ሁሉ የቀረን በስልክ የተነሡ ጥቂት የደበዘዙ ፎቶግራፎች ብቻ ናቸው።

ኮሚቴያችን ከፋሲካ በኋላ ወርኃዊ መዋጮ ስለማይከፍሉ አባላት ሁለተኛ ሥራ እንዲሠሩልን ጠይቋቸዋል። እርሳቸውም በሐሳቡ ተስማምተው፣ ርዕሱን ግን ከሁለት ሳምንት ቡና በኋላ እንደሚነግሩን አስታወቁ። ኦዲተራችን የቡናው ወጪ በየትኛው የሒሳብ ርዕስ ሥር እንደሚመዘገብ በጽሑፍ ጠይቀውኛል፤ እስካሁን አልመለስሁላቸውም።